‹‹ሁሉንም የሚያበቃ›› ማንን ነው? የረስት ድረ ገጽ እድሳትና የአስተያየት ቋንቋ፦ ሂሳዊ ቅኝት

1. መነሻ

የአንድ ፕሮግራም ቋንቋ ማኅበረሰብ ድረ ገጹን ሲያድስ ተጠቃሚዎቹን አስተያየት ይጠይቃል። የሚሰጠው አስተያየትም አብዛኛውን ጊዜ በቀለም፣ በፊደል መጠንና በአቀማመጥ ላይ ያተኩራል። ይህ ጽሑፍ የሚከራከረው በሌላ አቅጣጫ ነው። የድረ ገጽ እድሳት ከሁሉ በፊት የቋንቋ ሥራ ስለሆነ በሥነ ልሳን ዐይን ሊመረመር ይገባዋል። አስተያየት የሚጠየቅበት ቋንቋም የማን ቅሬታ እንደሚሰማና የማን እንደማይሰማ አስቀድሞ ይወስናል።

ለማሳያነት የተመረጠው የረስት ድረ ገጽ ነው። ረስት የመጀመሪያው የተረጋጋ እትሙ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ የፕሮግራም ቋንቋ ነው። አዲሱ ድረ ገጹ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 29 ቀን 2018 በሙከራ መልክ ለአስተያየት ቀርቦ፣ ዲሴምበር 6 ቀን ከ1.31ኛው እትም ጋር ነባሩን ተክቷል። በሁለቱ ቀናት መካከል ያለው ጊዜ አንድ ሳምንት ብቻ ነው።

2. ከመነሻ ገጹ የወጣው

ነባሩ መነሻ ገጽ ነጭና ቁጥብ ነበር። ከላይ አንድ የትርጓሜ ዐረፍተ ነገር፣ ከሥሩ አንባቢው እዚያው አርሞ ሊያስኬደው የሚችል አጭር ፕሮግራም ይታይበት ነበር። የፕሮግራሙ ተግባር ሰላምታን በተለያዩ ቋንቋዎች ማተም ሲሆን፣ በዝርዝሩ ውስጥ እስፓንኛ፣ ጃፓንኛ፣ ኮሪያኛ፣ ሩስኛና ሌሎችም ይገኙ ነበር። በግዕዝ ፊደል የተጻፈ ሰላምታ አልነበረበትም። ሆኖም ፕሮግራሙ ከሚሠራው ባሻገር አንድ መልእክት ያስተላልፍ ነበር፤ ይህ ቋንቋ የላቲን ባልሆነ ፊደል የተጻፈን ጽሑፍ እንደ እንግዳ አያይም የሚል።

አዲሱ ገጽ በቢጫ፣ በአረንጓዴ፣ በሐምራዊና በቀይ ሰፋፊ መደቦች ተከፋፍሎ ቀረበ። የናሙና ፕሮግራሙ ከመነሻ ገጹ ወጣ። ነባሩ ገጽ በፈቃደኞች ድካም ወደ በርካታ ቋንቋዎች ተተርጉሞ የነበረ ሲሆን አዲሱ ሥራ የጀመረው በእንግሊዝኛ ብቻ ነው። ነባሩ በሌላ አድራሻ እንዲቆይ ተደርጓል፤ ትርጉሞችም ከጊዜ በኋላ ፍሉየንት በተባለው የሞዚላ የትርጉም ሥርዓት አማካይነት ተመልሰዋል። ስለዚህ እዚህ የሚተቸው የመጨረሻው ውጤት ሳይሆን የሥራው ቅደም ተከተል ነው።

ቅደም ተከተሉን የሚደግፍ ተገቢ ክርክር አለ። ገና የሚለዋወጥን ጽሑፍ መተርጎም የተርጓሚውን ጉልበት ያባክናል፤ ሥራው በአብዛኛው በበጎ ፈቃድ በሚካሄድበት ማኅበረሰብ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን ክርክሩ ትርጉም ለተጠናቀቀ ጽሑፍ የሚደረብ ልባስ ነው ከሚል ግምት ይነሣል። የሚቀጥለው ክፍል ግምቱ ልክ አለመሆኑን ያሳያል።

3. የመሪ ቃሉ ሰዋስው

የነባሩ ገጽ መሪ ቃል ባለቤትና ማሰሪያ አንቀጽ ያለው ሙሉ ዐረፍተ ነገር ነበር። በአማርኛ ‹‹ረስት እጅግ ፈጣን፣ የማኅደረ ትውስታ ስሕተቶችን የሚከላከል … የፕሮግራም ቋንቋ ነው›› ዓይነት መልክ ይኖረዋል። ቃላቱ ለጀማሪ ከባድ ቢሆኑም ነገሩ ምን እንደሆነ ይናገራል። አዲሱ መሪ ቃል ደግሞ ባለቤት የሌለው ሐረግ ሆነ፤ ሐሳቡ ሁሉም ሰው የሚታመንና ቀልጣፋ ሶፍትዌር እንዲሠራ ማብቃት ነው።

ይህን ሐረግ ወደ አማርኛ ለመመለስ የሚሞክር ሰው ወዲያው ሦስት ችግሮች ይገጥሙታል። አንደኛ፣ ‹‹ሁሉንም የሚያበቃ›› ብሎ ቢያቆም አንባቢው ‹‹ምን?›› ብሎ ይጠይቃል፤ የሚገልጸው ስም የለምና። ኋላ ላይ በእንግሊዝኛው ላይ ‹‹ቋንቋ›› የሚለው ስም ተጨምሯል። ተርጓሚ ገና ከረቂቁ ጀምሮ ቢኖር ክፍተቱን በመጀመሪያው ቀን ያመለክት ነበር። ሁለተኛ፣ ‹‹አበቃ›› ችሎታ መስጠትን ብቻ ሳይሆን ማለቅንም ያመለክታል፤ ‹‹ጊዜው አበቃ›› እንደምንለው። በዐውድ የማይረዳ አጭር መፈክር ላይ ይህ ምንታዌ አደገኛ ነው። ሦስተኛ፣ ‹‹የሚያስችል›› ቢባል የአድራጊ ምዕላዱ ‹‹አስ-›› ሰውየው ከዚያ በፊት አይችልም ነበር የሚል ቅድመ ግምት ያስከትላል። እንግሊዝኛውም ይህ ግምት አለበት፤ አማርኛው ግን በቅርጹ ገሃድ ያወጣዋል።

የቋንቋው ስም ራሱ ጥያቄ ያስነሣል። በእንግሊዝኛ የብረት ዝገትና ሰብልን የሚያጠቃው የፈንገስ በሽታ በአንድ ቃል ይጠራሉ፤ አማርኛ ግን ‹‹ዝገት›› እና ‹‹ዋግ›› ብሎ ይለያቸዋል። የቋንቋው ጀማሪ ግሬይደን ሆር ስሙን የወሰደው ከፈንገሱ በመሆኑ ‹‹ዝገት›› ብሎ መተርጎም ስሕተት ይሆናል። በድምፁ ‹‹ረስት›› ብሎ መጻፍ ይሻላል፤ ይሁንና ‹‹ርስት›› ከሚለው ቃል ጋር እንዳይምታታ ጥንቃቄ ይጠይቃል።

4. አዝራሩ ማንን ያናግራል?

በእንግሊዝኛ አዝራር ላይ የሚጻፍ ትእዛዝ ጾታም አክብሮትም አይለይም። በአማርኛ ግን ‹‹ጀምር››፣ ‹‹ጀምሪ››፣ ‹‹ጀምሩ›› ወይም ‹‹ይጀምሩ›› ከሚሉት አንዱን ሳይመርጡ ማለፍ አይቻልም። ‹‹ጀምር›› አንባቢው ወንድ ነው ብሎ ይነሣል፤ ሁሉንም አበቃለሁ የሚል ገጽ በመጀመሪያው አዝራሩ ሴቷን ተማሪ ያገልላል። ‹‹ይጀምሩ›› ጾታን ባይለይም ለወጣት አንባቢ የመሥሪያ ቤት ማስታወቂያ ይመስላል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ‹‹መጀመሪያ››፣ ‹‹መጫኛ››፣ ‹‹መማሪያ›› የሚሉትን የስም ቅርጾች ይመርጣል። የጋባዥነት ሙቀታቸው ቢቀንስም ማንንም አይለዩም።

የገጹ መልክም ገለልተኛ አይደለም። ለአዲሱ ገጽ የተመረጡት አልፋ ስላብ ዋንና ፊራ ሳንስ የተባሉት የፊደል ቅርጾች የግዕዝ ሆሄያት የሏቸውም። ስለዚህ የአማርኛ ርእስ በአንባቢው መሣሪያ ላይ በተገኘ ሌላ ቅርጽ ይተካል፤ የርእሱ ክብደትም አብሮ ይጠፋል። ግዕዝ ከዩኒኮድ 3.0 ጀምሮ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ1999 ወዲህ፣ የራሱ ቦታ አለው። ከዚያ ወዲህ የፊደላችን ዕጣ በቀጥታ የተያያዘው ከንድፍ አውጪው ምርጫ ጋር ነው።

የናሙና ፕሮግራሙ መውጣትም እዚህ ላይ ትርጉም ያገኛል። ከ1.53ኛው እትም ጀምሮ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ2021 ወዲህ፣ በረስት ለተለዋዋጮች በግዕዝ ፊደል ስም መስጠት ይቻላል። ነገር ግን ‹‹ሥራ›› እና ‹‹ስራ›› ለአንባቢ አንድ ሲሆኑ ለኮምፓይለሩ ሁለት የተለያዩ ስሞች ናቸው። የሞክሼ ሆሄያት የቆየ ክርክር በዚህ ቦታ የጣዕም ጉዳይ መሆኑ ይቀርና ፕሮግራሙ ይሠራል ወይስ አይሠራም የሚል ጥያቄ ይሆናል። በመነሻ ገጹ ላይ በአማርኛ የተጻፈ አንድ ናሙና ቢኖር ለተማሪው ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ያሳየው ነበር፤ የተፈቀደለትንም፣ ሊጠነቀቅበት የሚገባውንም።

5. የአስተያየቱ ቋንቋ

አስተያየቱ የተጠየቀው በእንግሊዝኛ፣ በጽሑፍና በጥቂት ቀናት ውስጥ ነው። ትርጉሞቹ በመጥፋታቸው ይበልጥ የተጎዳው እንግሊዝኛ የማያነበው ተጠቃሚ ነው፤ ቅሬታውን ማቅረብ የሚችለው ግን በእንግሊዝኛ ብቻ ነበር። በዚህ መንገድ የተሰበሰበ አስተያየት ብዛቱ ምንም ያህል ቢሆን ትርጉም የማያስፈልጋቸውን ሰዎች ድምፅ አጉልቶ ያሳያል። ስለ ቀለም የተጻፈው በዝቶ ስለ ቋንቋ የተጻፈው ቢያንስ፣ የቋንቋ ችግር አለመኖሩን አያረጋግጥም። የመረጃ አሰባሰብ ትምህርት እንደሚያስተምረን መጠይቁ የተጻፈበት ቋንቋ የናሙናው አካል ነው።

6. መደምደሚያ

ከዚህ ጉዳይ ለክልሉ ቋንቋዎች ባለሙያዎች ሦስት ተግባራዊ ነጥቦች ይወጣሉ። መሪ ቃልና የአዝራር ጽሑፍ ገና ረቂቅ ሳሉ ቢያንስ ወደ ሁለት በቅርጻቸው የተለያዩ ቋንቋዎች ተተርጉመው ይፈተኑ፤ ለተርጓሚ አስቸጋሪ የሆነ ሐረግ በምንጩም ድፍን መሆኑ አይቀርም። የቆዩ ትርጉሞች አዲሶቹ እስኪደርሱ ድረስ ‹‹የቀድሞ ይዘት›› የሚል ምልክት ተደርጎባቸው በዋናው ገጽ በኩል ይገኙ። አስተያየትም አንባቢው በሚጽፍበት ቋንቋ ይጠየቅ፤ የመመለሱ ሥራ የጠያቂው ይሁን።

እኛም ከተጠያቂነት አናመልጥም። እንዲህ ያሉ ረቂቆች ለሕዝብ ሲቀርቡ አማርኛን፣ ኦሮምኛን፣ ትግርኛን ወይም ሶማልኛን የሚያጠኑ የትምህርት ክፍሎች አንብበው በጊዜው ሂስ የሚልኩበት ልማድ አልዳበረም። ሞክሼ ሆሄያትንና የአክብሮት ቅርጾችን የሚያውቅ ሰው ሳይናገር የተዘጋ ረቂቅ፣ እኛን ባያካትት ሊደንቀን አይገባም።