ውርጭ የሚሰጠው፣ ሰዓት የሚወስደው

ፓርስኒፕ ውርጭ ካልመታው ጣዕሙ ግማሽ ነው። ካሮት የሚመስለው ይህ ነጣ ያለ ሥር፣ አፈር ውስጥ እንዳለ ብርዱ ሲበረታበት ያከማቸውን ስታርች ወደ ስኳር ይለውጣል። ስለዚህ በእንግሊዝ ገበያ ሴፕቴምበር ላይ ብቅ ቢልም አልቸኩልም፤ ዲሴምበርን እጠብቃለሁ። በቁመቱ ሰንጥቄ፣ በዘይት ለውሼ፣ ጠርዙ ቡናማ እስኪሆን በጋለ ኦቭን ውስጥ እተወዋለሁ። ማር የሚያፈሱበት ብዙ ናቸው። ውርጭ ያገኘው ፓርስኒፕ ግን ማር አይፈልግም፤ ማሩ የራሱን ጣዕም ይሸፍንበታል። ኬል የሚሉት ጎመንም ብርድ ሲያገኘው ይጣፍጣል፤ በነጭ ሽንኩርትና በዝንጅብል አብስዬ ከእንጀራ ጋር የማቀርበው የጃንዋሪውን ነው።

የብርዱ ወራት አትክልት እንዲህ ታጋሽ ነው። አስፓራገስ ግን አይታገሥም፤ ከተቆረጠበት ሰዓት ጀምሮ ስኳሩ እየቀነሰ፣ እግሩ እየጠነከረ ይሄዳል። ከፔሩ የመጣው በብርዱም ወራት ይሸጣል፤ እኔ አልገዛውም፤ ያን ሁሉ መንገድ ሲመጣ ጣፋጭነቱ መንገድ ላይ ቀርቷል። የእንግሊዙ ወቅት በልማድ የሚጀምረው በቅዱስ ጊዮርጊስ ቀናቸው፣ ኤፕሪል 23 ነው፤ የእኛ ሚያዝያ 23 ከስምንት ቀን በኋላ ይከተላል። ብዙ ጊዜ ፋሲካ አልፎ ቅቤ የተፈቀደበት ሰሞን መሆኑ ደስ ይለኛል። ውሃው ሲንተከተክ እጨምረዋለሁ፣ ሦስት አራት ደቂቃ፤ ከዚያ ቅቤና ጨው፣ ሌላ ምንም። ጁን 21 አካባቢ ገበሬው ቢላውን ያስቀምጣል። ተክሉ ቅጠሉን ዘርግቶ ለመጪው ዓመት ሥሩን መመገብ አለበት፤ እስከ መጨረሻው ከተቆረጠ በሚቀጥለው ዓመት ይደክማል። ይህን ስለማውቅ የወቅቱ ማጠር አያስከፋኝም።

በዚያው ሰሞን እሸት ባቄላ ይደርሳል፤ አገር ቤት መስከረም ላይ የምናውቀው እዚህ ለሰኔ ጾም ይሆናል። ለጋውን ፈልፍዬ በጥሬው እበላዋለሁ፤ ጠና ያለውን አንድ ሁለት ደቂቃ ቀቅዬ፣ ወፍራም ቆዳውን ገፍፌ፣ በዘይት፣ በሎሚና በቃሪያ አቀርበዋለሁ። ከሁሉ የሚያስቸኩለኝ እሸት አተር ነው። ስኳሩ ቶሎ ወደ ስታርች ስለሚለወጥ ፍሪጅ ውስጥ ማሳደር ጣዕሙን መጣል ነው። ቅዳሜ ጠዋት ከገበሬዎች ገበያ ይዤው ስመለስ ሌላው ሥራ ሁሉ ይቆያል፤ ለእሑድ እንግዳ የታሰበ ቢሆን እንኳ ቅዳሜውን ይበላል፣ ለእንግዳው ሌላ ይሠራለታል።