ጊታሩን የመታው ማነው?

መቼም በሃምሳ ምናምን ዓመቱ የኤሌክትሪክ ጊታር የሚገዛ ሰው ለጎረቤት ወሬ ነው። ገዛሁ። በ18 ሺህ ብር። ባለቤቴ ዋጋውን ስትሰማ “በግ ቢገዛበት ምን ነበረበት?” አለች። ደብረ ብርሃን ሁሉ ነገር የሚተመነው በበግ ነው።

ጊታሯን የማውቃት ከልጅነቴ ነው። በደርግ ጊዜ፣ ደብረ ብርሃን የተጉለትና ቡልጋ አውራጃ ዋና ከተማ ሳለች፣ ከኪነት ቡድኑ አንድ ረዥም ጎረምሳ በትከሻው አንግቷት ብቅ ሲል እኛ ልጆች አጥር ላይ ተንጠላጥለን እናየው ነበር። መፈክሩን ማን ይሰማል! ቀይ ናት። ሙዚማ የሚል ጽሑፍ አለባት፤ ሙዚማ በምሥራቅ ጀርመን፣ ማርክኖይኪርሽን በምትባል የሙዚቃ መሣሪያ ሠሪዎች ከተማ የነበረ የመንግሥት ፋብሪካ ነው። ያ አገር እ.ኤ.አ. በ1990 ከካርታ ጠፋ፤ ጊታሯ አለች። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ቡድኑ ተበተነ፣ ዕቃው ለጨረታ ወጣ፤ ጎረምሳውም በገዛ ገንዘቡ አስቀራት። ዛሬ ጋሼ የምላቸው ሽማግሌ ናቸው፣ አንኮበር ነው የሚኖሩት። ሃያ ዓመት ያህል “ይሽጡልኝ” ስላቸው “ቆይ እስቲ” ሲሉኝ ኖረዋል።

ባለፈው ጥቅምት ደወሉ። “ጣቴ አልታዘዝ ብሎኛል፤ ና ውሰዳት።” ከደብረ ብርሃን አንኮበር 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጉሙ ግን ያስረዝመዋል።

ብሩን ቆጥረው ኪሳቸው ከከተቱ በኋላ፣ “ያቺን ስለ ካሴቱ የጻፍካትን አንብቤያታለሁ” አሉኝ። “ግጥሙን ብልት በብልት አወጣኸው። ለመሆኑ ጊታሩን የመታው ማነው?”

ዝም አልኩ። ካሴቱን ያጀበው ሮሃ ባንድ ነው፤ ጊታሩ የሰላም ሥዩም። አውቃለሁ እኮ! ግን አልጻፍኩትም። ሥነ ጽሑፍ ባስተማርኩባቸው ዓመታት የዘፈን ግጥም ለተማሪዎቼ ሰሙን ከወርቁ እየለየሁ አሳይቻለሁ፤ በሁለት ስንኝ መሃል የሚመጣውን ግን እንደ ባዶ ወረቀት ዘልዬዋለሁ። የዘፈን ሂሳችን አብዛኛው እንዲህ ነው። የግጥምና የዜማ ደራሲውን ስም ከጠቀስን ትልቅ ነገር የሠራን ይመስለናል።

እስቲ ሮሃ ያጀባቸውን የ1970ዎቹን ካሴቶች እንደገና ስሟቸው። ብዙ ጊዜ ጊታሩ ጣልቃ የሚገባው ድምፃዊው ትንፋሽ ሲወስድ ነው። ሦስት አራት ኖታ፣ ከዚያ ዝም። እንደ ክራር ክሩን አንድ በአንድ እየነጠለ ለዘፋኙ መልስ ይሰጣል፤ ከሥር የጆቫኒ ሪኮ ቤዝ መሬቱን ይዞለታል። ትዝታ ላይ ሲደርስ ጣት ክሩን ገፋ ያደርግና ድምፁ ይጎብጣል፣ ማሲንቆ ማሲንቆ ይላል። ለእኔ ይሄ ሁለተኛ ግጥም ነው፤ አንዳንዴም ከዋናው ይበልጣል። ስንት ደካማ ስንኝ በዚህ ጊታር ተደግፎ እንደቆመ ብታዩ! እኛ ምስጋናውን ጠቅልለን ለገጣሚው ሰጠን።

ከዚያ ኪቦርድ ነገሠ። አንድ ሰው፣ አንድ ኪቦርድ፤ ከበሮውም ቤዙም እዚያው ውስጥ። ለአምስት ከመክፈል ለአንድ መክፈል ይረክሳላ! የመረጠው ኪስ ነው እንጂ ጆሮ አይደለም። እኛ ሐያሲ ነን ባዮችስ? ትንፍሽ አላልንም፤ ግጥሙ አልጎደለማ። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ “ኢትዮፒክስ” በተባሉት ተከታታይ ሲዲዎች የድሮዎቹን ባንዶች ሰብስቦ ለዓለም ሲያሰማ ነው ብዙዎቻችን ዞር ብለን ያየነው።

ይህን ሁሉ ለጋሼ አልነገርኳቸውም። መብራት ጠፍቶ ነበር፤ አምፕሊፋየርም የላቸው። ጊታሯን ጭናቸው ላይ አጋደሙና ባቲ ጀመሩ። የኤሌክትሪክ ጊታር ያለ ኤሌክትሪክ ሹክሹክታ ነው፤ ከክሩ ሥር ያለው ማግኔትና የመዳብ ጥምጥም ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል። ጠጋ ብዬ ጆሮዬን ሰጠሁ። ሁለት ቦታ ላይ ጣታቸው ሳተ፤ ሁለቱንም ጊዜ ወደኋላ ተመልሰው አቃኑት።

“ሦስተኛዋ ክር ትላላለች” አሉ ሲያስረክቡኝ። “በየማለዳው ቃኛት። ብቻ አደራህን፣ ግድግዳ ላይ እንዳትሰቅላት።”

ሚስማሩን ከቤት ከመውጣቴ በፊት መትቼው ነበር።