«ጠቅ» ብሎ የሚገጥም ፖሊመር? እስቲ ቆይ!

ስለ ክሊክ ኬሚስትሪ ቪዲዮ አይታችሁ ከሆነ የመኪና ቀበቶው ምሳሌ ሳያጋጥማችሁ አይቀርም፦ ሁለት ሞለኪውሎች ይጠጋጉና «ጠቅ!» በቃ፣ አለቀ። እ.ኤ.አ. በ2022 ቤርቶዚ፣ ሜልዳል እና ሻርፕለስ የኬሚስትሪ ኖቤል ሲሸለሙም ይኸው ምሳሌ ተደጋገመ። ለትናንሽ ሞለኪውሎች ጥሩ ምሳሌ ነው። ለፖሊመር ግን ያሳስታል ባይ ነኝ።

ብሎክ ኮፖሊመር የምንለው የተለያዩ ረጃጅም ሰንሰለቶች ጫፍ ለጫፍ ተያይዘው አንድ ሲሆኑ ነው። በአንዱ ጫፍ አዛይድ፣ በሌላው ጫፍ አልካይን እናደርጋለን፤ መዳብ ካታሊስት ሆኖ ያገናኛቸዋል። ችግሩ ያለው ጫፉ ላይ ነው። የሞላር ክብደቱ 50,000 ግራም የሆነ የፖሊስታይሪን ሰንሰለት 480 ያህል አሃዶች አሉት፤ ለመያያዝ የተዘጋጀው ግን አንድ ጫፍ ብቻ! ይሄ ቀበቶ ከማሰር ይልቅ በተተበተበ ክር ውስጥ ጫፍ እንደመፈለግ ነው።

እስቲ እናስላ። ከሁለቱም ዓይነት 100 ሰንሰለት ወስደን 95 በመቶው ቢያያዝ፣ 95 ጥንድ እና 10 ብቸኛ ሰንሰለቶች ይኖሩናል። ለፈተና 95 ደስ ይላል። እዚህ ግን ከአሥር ሞለኪውል አንዱ ገደማ ያልተፈለገ ነው ማለት ነው። አንዱን አብዝተን ብንጨምርስ? ትርፉ እዚያው ይቀራል። ትንሽ ሞለኪውል ቢሆን አትንነን እናስወግደው ነበር፤ ፖሊመር ግን አይተንም። የቀረውን መዳብ ማጽዳትም ራሱን የቻለ ሥራ ነው።

ይህን ቀድመው ያነሱ አሉ። እ.ኤ.አ. በ2011 የፖሊመር ተመራማሪዎች «አንገቫንተ ኬሚ» በተባለው መጽሔት ላይ፣ ሁለት ፖሊመሮችን የሚያያይዝ ሪአክሽን ክሊክ ለመባል በእኩል መጠን ተቀላቅሎም መሥራት አለበት ሲሉ ጽፈዋል። የቪዲዮ አዘጋጆቹ ግን ይህን አያነሱትም።

ዘዴው አይረባም እያልኩ አይደለም። እያንዳንዱን ሰንሰለት ለየብቻ ሠርቶ፣ ለክቶ፣ ከዚያ ማያያዝ መቻል ትልቅ ነገር ነው። ቅሬታዬ ምሳሌው ላይ ነው። መጀመሪያ ስሞክር በሰንሰለቶቹ መጠን መለኪያ ግራፍ ላይ አንድ ጉብታ ስጠብቅ ሁለት አየሁ፤ ለሳምንታት ጥፋቱ የእጄ መስሎኝ ነበር። ለካ ሁለተኛው ጉብታ ጫፉን ያላገኘው ሰንሰለት ነው!

ስለዚህ ቀጣዩን «ጠቅ!» ስትሰሙ አንድ ነገር ጠይቁ፦ ያልተያያዘውስ የት ገባ?