ሸምበቆው ሲደክም

ሳክስፎን ያስተማሩኝ ሰው መሣሪያውን ከመገጣጠማቸው በፊት ሪዱን ከትንሿ ማኅደር አውጥተው ወደ መስኮቱ ይጠጋሉ። ገልበጥ፣ ዘንበል አድርገው በብርሃን ያዩታል። አንዳንዱን ወደ ማኅደሩ ይመልሱታል፤ አንዳንዱን ግን ቃል ሳይተነፍሱ ሰብረው ይጥሉታል። ይቆጨኝ ነበር። ያልተሰነጠቀ፣ ጫፉ ያልተሸረፈ ሪድ ምን አጥፍቶ ይሰበራል?

ነገሩ የገባኝ የሪዱን አሠራር ልብ ብዬ ማየት ስጀምር ነው። የሳክስፎን ገላ ነሐስ ነው፤ ድምፁን የሚቀሰቅሰው ግን ሪዱ፣ ከሸምበቆ የተጠረበ፣ ከአውራ ጣት የማይሰፋ ስንጣሪ ነው። አዶልፍ ሳክስ በ1846 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ላይ የፈጠራ መብቱን ሲያስመዘግብ ለመሣሪያው የሰጠው ክላርኔት የሚነፋበትን ዓይነት ነጠላ ምላስ ነበር። ለዚህ ምላስ የሚሆን ሸምበቆ በማብቀል ስሙ የገነነው በደቡብ ፈረንሳይ ያለው የቫር ምድር ነው። ሁለት ዓመት የሞላው አገዳ በብርዱ ወራት ይቆረጣል፤ ልጣጩ ወርቃማ እስኪሆን ፀሐይ ይመታዋል፤ ከዚያም ተከማችቶ ረጅም ጊዜ ይቆያል። ሲደርስ በቁመቱ ይሰነጠቃል፤ ሆዱ ዝርግ እስኪሆን ይላጋል፤ ጀርባው ከወገቡ ጀምሮ ወደ ጫፉ እየሳሳ ይፋቃል። መጨረሻ ላይ የሚቀረው 0.1 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ የአንድ ቅጠል ወረቀት ውፍረት።

ይህን ሥራ በብርሃን ማየት ያስደንቃል። ጫፉ እንደ ማር ብርሃን ያሳልፋል። መካከሉ ላይ «ልብ» የሚባለው ወፍራሙ ክፍል ጥላ ሆኖ ይቆማል፤ ጥላው ወደ ግራም ወደ ቀኝም እኩል እየደበዘዘ ይጠፋል። ሥራው በሠመረለት ሪድ ላይ አንዱን ጎን ከሌላው መለየት አይቻልም። አንዱ ጎን ከጠቆረ ያ ጎን ከብዷል፤ ሲነፋ ያነክሳል።

ድካሙን የሚሸከመው ያ የወረቀት ያህል ጫፍ ነው። ባንዶች የሚስተካከሉበትን «ላ» ስንነፋ ጫፉ በሴኮንድ 440 ጊዜ ይርገበገባል። ድምፁ ለአንድ ሰዓት ቢያዝ ከአንድ ሚሊዮን ተኩል ጊዜ በላይ ነው። ይህ ሁሉ በምራቅ እንደራሰ፣ በከንፈር እንደተጫነ ነው። የሸምበቆው ጭረት ቀስ በቀስ ይላላል፤ ተጭኖ ሲለቀቅ ተስፈንጥሮ የመመለስ ጉልበቱ ይሟሽሻል።

ተሸርፎ የሚሞት ሪድ ችግር የለውም፤ ሁሉም ያየዋል፣ ይጥለዋል። አስቸጋሪው ሳይሸረፍ የሚሞተው ነው። መጀመሪያ የሚሄደው የድምፁ ወዝ ነው። ወፍራሙ የታችኛው ድምፅ በቀላሉ ይወጣል፤ እንዲያውም ከበፊቱ ይልቅ ይቀላል፤ ስለዚህ ነፊው ሪዱ የተመቸው ይመስለዋል። ላይኛው ላይ ሲደርስ ግን ድምፁ ይታነቃል፣ ወደ ታች ይወርዳል። ጠንከር አድርገው ሲነፉት ጫፉ ተዘግቶ ዝም ይላል። ይህን ሁሉ አፍ ይሸፍነዋል። ከንፈር በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይነክሳል፤ ትንፋሽም ከሪዱ አቅም ጋር እየተስማማ ይቀንሳል። አንድ ቀን አዲስ ሪድ ሲገጠም ሳንቃ ይሆናል፤ ነፊውም ጥፋቱን በአዲሱ ያላክካል። እኔም አላክኬ ነበር። መምህሬ አሮጌውን ተቀብለው አዩትና «ልጄ፣ አፍህ አብሮት አርጅቷል» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ እሳቸው ያሳዩኝን እከተላለሁ። ሪዱ መነፋት የጀመረበትን ቀን ልጣጩ ላይ በእርሳስ እጽፋለሁ። አራት ሪዶች አቀያይራለሁ፤ አንዱ ሲደክም ሌሎቹ ይመሰክሩበታልና። ጫፉን በአውራ ጣቴ ጥፍር ላይ በቀስታ ጫን አድርጌ አመላለሱን አያለሁ። ሆዱን መስተዋት ላይ አስተኛዋለሁ፤ ከተወዛወዘ ጠምሟል። በመጨረሻ የራሰውን ሪድ ከመንፊያው ጋር አስሬ፣ የመንፊያውን የኋላ ቀዳዳ በመዳፌ ዘግቼ አየሩን ወደ ውስጥ እስበዋለሁ። ደህና ከሆነ ለአፍታ ተጣብቆ ቆይቶ «ጧ» ብሎ ይለቃል። ጫፉን በመቁረጫ ከርክሞ ዕድሜ መቀጠል እንደሚቻል አውቃለሁ፤ የላላውን ጭረት ግን መቁረጫ አይመልሰውም።

ሽለላና ፉከራን ወደ ቴነር ሳክስፎን ያመጣው ጌታቸው መኩሪያ ያስቀዳውን ሥራ የሰማ ሰው የምለውን ያውቃል። ድምፁ ሲጎላ ጉሮሮ ይመስላል፤ ሲያበቃ በሰፊው ይንቀጠቀጣል። እንዲህ ያለ ንዝረት የሚሸከመው እስከ ጥግ ተከፍቶ በሙሉ ጉልበት የሚመለስ ጫፍ ብቻ ነው። በደከመ ሪድ ሽለላ አይወጣም፤ የሚወጣው ማጉረምረም ነው።

ሪድ እዚህ እንደልብ አይገኝም። ብዙ ነፊዎች ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ይጠብቃሉ፤ እስኪመጣም መጣል የነበረበትን ሪድ ለሳምንታት ይነፋሉ። ስለዚህ ከውጭ ወደ አገር ቤት የምትመጡ፣ የምታውቁት ሳክስፎን ነፊ ካለ ደውሉለት። አልቶ ነው ወይስ ቴነር፣ የጥንካሬ ቁጥሩ 2.5 ነው ወይስ 3፣ የየትኛው ፋብሪካ እንደሆነም ጠይቁት፤ የአንዱ ፋብሪካ 3 ከሌላው 3 ጋር አይገጥምምና። አንድ ፓኮ ከእጅ መዳፍ አይበልጥም፤ ሻንጣ ውስጥ ቦታ አይዝም።