የውሰት ቀለም

ሃብል የተባለው የጠፈር ቴሌስኮፕ እ.ኤ.አ. በ1995 ያነሣውን «የፍጥረት ዓምዶች» የተሰኘ ፎቶግራፍ ብዙዎቻችን አይተነዋል። በምስሉ ሃይድሮጅን አረንጓዴ፣ ኦክስጅን ሰማያዊ፣ ሰልፈር ቀይ ነው። ሃይድሮጅንም ሰልፈርም የሚሰጡት ብርሃን ቀይ ስለሆነ፣ ሳይንቲስቶቹ አንዱን ከሌላው ለመለየት ሲሉ ለእያንዳንዱ የራሱን ቀለም ሰጡት።

ዛሬ ይህ የቀለም አሰጣጥ ፋሽን ሆኗል። ከከተማ ሰገነት ላይ በአነስተኛ ቴሌስኮፕ ኔቡላ የሚያነሣው አማተር፣ የመንገድ መብራት የዋጠበትን ደብዛዛ የጋዝ ደመና ለማውጣት የሃይድሮጅንንና የኦክስጅንን ብርሃን ብቻ የሚያሳልፍ ማጣሪያ ይገጥማል፤ በየሌሊቱ ያነሣቸውን ፎቶዎችም በኮምፒውተር ይደራርባል። ትዕግሥቱ ምስጋና ይገባዋል። ነገር ግን ከሁለት ጋዞች ያገኘውን ምስል በሦስት ጋዞች ቀለም ሲያቀርብልን፣ ያላነሣውን ሰልፈር ከራሱ ፈጠረ ማለት ነው። ያን ጊዜ ቀለሙ መረጃነቱ ይቀርና ጌጥ ብቻ ይሆናል።

እንግሊዛዊው አንድሩ ኮመን እ.ኤ.አ. በ1883 በለንደን ዳርቻ፣ ኢሊንግ ካለው ጓሮው ያነሣው የኦሪዮን ኔቡላ ቀለም የለውም። ሆኖም በቴሌስኮፕ የተመለከተ ዓይን እንኳ ያልደረሰባቸውን ከዋክብት አሳይቷል። የዛሬውም አማተር ያገኘውን ብቻ ቢያሳየን አያንስብንም።