የስትሮክ ሕመምተኛን ስለ ሆዱ መጠየቅ

ስትሮክ የመታው ሰው ድንገተኛ ክፍል ሲደርስ ሁላችንም የምናየው ሰዓቱንና አንጎሉን ነው። ተገቢም ነው። የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት በተለምዶ የሚሰጠው ምልክቱ ከጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ስለሆነ ጊዜ የለም። እኔ ግን በዚያ ሩጫ መካከል ቤተሰቡን አንድ ነገር ሳልጠይቅ አላልፍም፤ «ሆዳቸውንስ ያማቸው ነበር? ሰገራቸው ላይ ደም ታይቶ ያውቃል?» አንዳንድ ወጣት ሐኪሞች ያልተገናኘ ነገር ያመጣሁ ይመስላቸዋል።

ክሮንስና አልሰረቲቭ ኮላይቲስ የአንጀት ብግነት ሕመሞች ቢባሉም ጉዳታቸው አንጀት ላይ አያበቃም። ብግነቱ ሲያገረሽ ፋይብሪኖጅንና ፕላትሌት ይበዛሉ፤ ተቅማጡ ፈሳሽ ያሳጣል፤ ደም በቀላሉ ይረጋል። በእነዚህ ሕመምተኞች እግር ወይም ሳንባ ላይ ደም የመርጋቱ ዕድል ከሌላው ሰው ከ2 እስከ 3 እጥፍ ነው። ከአንጎል ደም የሚመልሱት ሥሮችም ሊዘጉ ይችላሉ፤ አንጀቷን የምትታከም ወጣት ሴት አዲስና የማይለቅ ራስ ምታት ይዟት ስትመጣ ማይግሬን ብሎ መሸኘት አደገኛ ነው።

አስቸጋሪው ነገር ደሙ ለመርጋት የሚቸኩለው ሰው አንጀቱ ደግሞ የሚደማ መሆኑ ነው። የአሜሪካ መመሪያ ባለፉት 21 ቀናት ውስጥ ከጨጓራ ወይም ከአንጀት ደም ለፈሰሰው ሰው የሚያሟሟውን መድኃኒት መስጠት ጎጂ ሊሆን እንደሚችል ያስጠነቅቃል። ትልቁ የደም ሥር ከተዘጋ በካቴተር ስቦ ማውጣት አለ፤ በ2015 የወጡት ጥናቶች ይህን መንገድ በሰፊው ከፍተውልናል። ነገር ግን ካርዱ ላይ «ኮላይቲስ» የሚል ቃል ብቻ አይቶ መድኃኒቱን መከልከል ስንፍና ነው። ሕመሙ ለዓመታት ጸጥ ብሎ የኖረ ሰው ዛሬ ከሚደማው ጋር አንድ አይደለም።

እኔ ይበልጥ የምፈራው ግን ሩጫው ካለቀ በኋላ ያሉትን ቀናት ነው። ሕመምተኛው መዋጥ ካቃተው ኪኒኑ ተፈጭቶ በአፍንጫ ቱቦ ይግባ ይባላል። አንጀት ደርሶ እንዲሟሟ የተሸፈነ የሜሳላሚን ኪኒን ከተፈጨ ግን መድረሻው ላይ አይደርስም፤ በፊንጢጣ የሚሰጠውን ዓይነት ማዘዝ ይሻላል። ፕሬድኒሶሎን የተባለውን ስቴሮይድ ለወራት ሲወስድ የነበረ ሰው ደግሞ ስለማይውጥ ብቻ መድኃኒቱ ድንገት ቢቋረጥበት የደም ግፊቱ ሊወድቅ ይችላል፤ ደም ለተጠማ አንጎል ከዚህ የከፋ የለም። በደም ሥር መተካት አለበት። ንግግር የጠፋበት ሰው ሆዱን ቁርጠት እንደያዘው አይነግረንም። አልጋው ላይ ሲያመልጠው የስትሮኩ ነው ተብሎ ይታለፋል፤ ያገረሸው ብግነት ወይም ከአንቲባዮቲክ በኋላ የሚመጣው የሲ ዲፊሲል ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል፤ ሰገራው ይመርመር። ጥቂት ደም ታየ ብሎ ደም እንዳይረጋ የሚሰጠውን ሄፓሪን ማቆምም የተለመደ ነው። የብግነት ሕመምተኛን ግን ከጥቂቱ መድማት ይልቅ የሚገድለው መርጋቱ ነው። ሄፓሪን ጨርሶ በማይቻልበት ጊዜ እግርን እየጨመቀ የሚለቀው መሣሪያ በ2013 በወጣው የክሎትስ 3 ጥናት ጥቅሙ ታይቷል።

የአሜሪካው የሆስፒታል ተኝቶ ታካሚዎች መረጃ በየዓመቱ ወደ 7 ሚሊዮን የሚጠጋ መዝገብ ይሰበስባል፤ የአንጀት ብግነት በስትሮክ ሕመምተኞች ውጤት ላይ ያለውን ተጽዕኖ የሚያጠኑ ሰዎችም ይጠቀሙበታል። መረጃው ስንት ቀን እንደተተኛና በሕይወት መውጣቱን ይናገራል። ብግነቱ በዚያ ሳምንት ያገረሸ ይሁን የተኛ፣ ስቴሮይዱ ተሰጥቶ ይሁን ተረስቶ ግን መዝገቡ አይናገርም። ለእኔ ውጤቱን የሚወስነው እሱ ስለሆነ እንዲህ ያለውን አማካይ ቁጥር በጥንቃቄ ነው የማነበው።

በእኛ አገር ሰው ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ደም የቀላቀለ ተቅማጥ አሜባ ተብሎ ይታከማል፤ ክሮንስም ከአንጀት ቲቢ ጋር ይመሳሰላል። ስለዚህ «አሜባ እየተመላለሰብኝ» የሚለኝን ሰው ስንት ዓመት እንደሆነው እጠይቀዋለሁ።

ታማሚያችሁን ይዛችሁ የምትመጡ አስታማሚዎች፣ የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ይዛችሁ ኑ፤ የሆዱንም ሕመም ሳትጠየቁ ንገሩን።