ሌሊት በጢሮአዳ፦ «ምሪት» የሚለው ቃልና የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 16

በአማርኛ «ምሪት» ሁለት ቤት ያለው ቃል ነው። አንዱ ቤቱ ማዘጋጃ ቤት ነው፤ በምሪት ቦታ ያገኘ ሰው ወሰኑ የተለካ መሬት ተረክቦ፣ አጥሮ ይቀመጣል። ሌላው ቤቱ መንገድ ነው፤ ዐይነ ስውር አባቱን በበትር የሚመራ ልጅ ከፊት ይሄዳል፣ ተመሪውም የሚያውቀው የሚቀጥለውን እርምጃ ብቻ ነው። በጉባኤዎቻችን «የጌታን ምሪት አገኘሁ» ሲባል ብዙ ጊዜ የምሰማው የመጀመሪያውን ነው። ትዳሩም፣ ሥራውም፣ የዓረብ አገር ጉዞውም ተለክቶ እንደ ተሰጠ ቦታ ይነገራል፤ ከተረከቡ በኋላ ጥያቄ የለም። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 16 ግን ወደ ሁለተኛው ያደላል።

ጳውሎስና ሲላስ በልስጥራ ጢሞቴዎስን ይዘው ተነሡ። በእስያ አውራጃ ቃሉን እንዳይናገሩ መንፈስ ቅዱስ ከለከላቸው፤ ወደ ቢታንያ ሊሄዱ ቢሞክሩም አልተፈቀደላቸውም። ክልከላው በሕመም ይሁን በትንቢት ወይም በሌላ፣ ሉቃስ አይነግረንም። ዝምታው ሊከበር የሚገባው ይመስለኛል፤ በስብከታችን ግን ሁላችንም በየልምዳችን እንሞላዋለን። ጽሑፉ የሚነግረን በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር የተጓዙት ወዴት እንደማይሄዱ ብቻ እያወቁ መሆኑን ነው።

ጢሮአዳ ወደብ በደረሱ ጊዜ ጳውሎስ በሌሊት ራእይ አየ፤ አንድ የመቄዶንያ ሰው ቆሞ ይለምነዋል። የምንባቡ ክብደት ያለው ቀጥሎ በሚመጣው በቁጥር 10 ላይ ነው። ያየው ጳውሎስ ብቻውን ነው፤ የተረዱት ግን «እኛ» የተባሉት ናቸው። በተለመደው ቅጂ ተራኪው «እነርሱ» ማለቱን ትቶ ራሱን ከተጓዦቹ ጋር የሚደምረው መጀመሪያ እዚህ ላይ ነው። እግዚአብሔር እንደ ጠራቸው መረዳታቸውን የሚገልጸው የግሪክኛ ግስ ሱምቢባዞ ሲሆን፣ መሠረታዊ ትርጉሙ ማገጣጠም ነው፤ ኤፌሶን 4፥16 ላይ የአካል ብልቶች መያያዝ የተነገረበትም ይኸው ግስ ነው። እንደ እኔ ንባብ፣ ሁለቱ ክልከላዎች፣ የደረሱበት የባሕር ዳርቻና የሌሊቱ ራእይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ተጋጠሙ፤ ያጋጠሟቸውም ጓደኛሞቹ አብረው ሆነው ነው።

ሕልሙን ይዞ ወደ ንስሐ አባቱ የሚሄድ ኦርቶዶክሳዊና የተነገረውን ትንቢት ለሽማግሌዎች የሚያቀርብ ወንጌላዊ፣ ሳያውቁት ይህን ግስ ይኖሩታል። የሚያሳዝነኝ ሌላው ልማድ ነው። «ጌታ ነግሮኛል» ያለ ሰው ፊት ሁሉም አፉን ይይዛል፤ የጠየቀ እምነት የጎደለው ይመስላል። በዚህ ዝምታ የተጋቡ፣ ቤታቸውን ሸጠው የተሰደዱ፣ በኋላም ብቻቸውን የቀሩ ወንድሞችና እኅቶች አሉን። በእውነት የሚወድዳቸው ሰው ቢኖር ያን ቀን በጠየቀ ነበር።

«በሩ ተከፈተልኝ፣ በልቤም ሰላም ተሰማኝ» የሚለው መለኪያም ጳውሎስን አይገጥመውም። ከዓመታት በኋላ በዚያችው በጢሮአዳ በጌታ በር ተከፍቶለት ሳለ፣ ቲቶን ባለማግኘቱ መንፈሱ ዕረፍት አጥቶ ወደ መቄዶንያ መሄዱን በ2ኛ ቆሮንቶስ 2፥12-13 ራሱ ጽፏል። የተከፈተ በር ትቶ፣ ዕረፍት በሌለው መንፈስ ሄደ፤ የናፈቀው ወንድሙን ነበር። በ1ኛ ተሰሎንቄ 2፥18 ደግሞ ወደ ምእመናኑ እንዳይመለስ የያዘው ሰይጣን እንደ ሆነ ይናገራል። መከልከል አንድ ጊዜ ከመንፈስ ቅዱስ፣ ሌላ ጊዜ ከጠላት ከሆነ፣ የመንገዱ መዘጋት ብቻውን ፍቺ የለውም። ፍቺውን የሚፈልጉት በጸሎት፣ በቃሉና በማኅበር ነው፤ ጊዜም ይወስዳል።

ፊልጵስዩስ ሲደርሱስ? ቆሞ የለመነው ሰው በታሪኩ ውስጥ ዳግመኛ አይታይም። በሰንበት ከከተማው በር ውጭ በወንዝ ዳር የተሰበሰቡ ሴቶችን አገኙ። ከእነርሱም አንዷ፣ ቀይ ሐር ሻጯ ልድያ፣ ጌታ ልቧን ከፈተላት። የመጣችው ከትያጥሮን ነው፤ ትያጥሮን ደግሞ ቃሉን እንዳይናገሩ የተከለከሉባት የእስያ አውራጃ ከተማ ናት። ብዙም ሳይቆይ ጳውሎስና ሲላስ በበትር ተደብድበው ወኅኒ ገቡ፣ እግራቸውም በግንድ ተጠረቀ። በእስያ ቃሉ በሰፊው የተሰማው ቆይቶ፣ ጳውሎስ በኤፌሶን ሁለት ዓመት ሲያስተምር ነው። የእስያዋ ሴት ግን ያን ጊዜ በመቄዶንያ ከቤተ ሰቦቿ ጋር ተጠምቃ ነበር። ከወኅኒ ሲወጡም መጀመሪያ የገቡት ወደ እርሷ ቤት ነው።